ነጠላ፣ ንቅሳትና ሁለት ስልኮች

አይፎን ይሻላል ወይስ ሳምሰንግ? ይህን ክርክር አዲስ አበባ ውስጥ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ካፌ ውስጥ ይነሳል፣ ሰርግ ቤት ይነሳል፣ ታክሲ ውስጥም ይነሳል። አንዱ ሜጋፒክስል ይቆጥራል። ሌላው ዙሙን ከፍቶ ከመንገዱ ማዶ የቆመ መኪና ታርጋ ያነባል። ሦስተኛው "የአይፎን ቪዲዮ ግን ሌላ ነው!" ብሎ ይዘጋዋል። ሁሉም እውነት አላቸው። ለኔ ዋናው ጥያቄ ግን ሳይነሳ ነው ቡናው የሚያልቀው። ስልኩ የኛን ሰው፣ በኛ ብርሃን፣ ከነልብሱ ሲያነሳው ምን ያደርገዋል?

የማወዳድራቸው አይፎን 14 ፕሮ እና ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ23 አልትራ ናቸው። አይፎኑ የኔ ነው። ሳምሰንጉ የታናሽ ወንድሜ። የመጀመሪያው በሴፕቴምበር 2022 ወጣ፣ ሁለተኛው በፌብሩዋሪ 2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ወዲህ ሌሎች መጥተዋል። ግን እዚህ አገር ብዙ ሰው ውድ ስልክ የሚገዛው ዩዝድ ነው፤ አለዚያም ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በዘመድ ሻንጣ ይመጣለታል። እኛ ቤትም የገቡት እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ሰው እጅ ላይ የማየው፣ "የትኛውን ልግዛ?" ተብዬ የምጠየቅበትም አሁንም የዚህ ዕድሜ ስልክ ነው።

የቁጥሩን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ሳምሰንጉ 200 ሜጋፒክስል (ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው) ነው፣ አይፎኑ 48። ሲሰሙት አንዱ ሌላውን አራት እጥፍ የሚያስከነዳው ይመስላል። ሁለቱም ግን እንዲሁ አውጥታችሁ ስታነሱባቸው የሚሰጧችሁ ፎቶ 12 ሜጋፒክስል ነው። ሳምሰንጉ 16 ትንንሽ ነጥቦችን አንድ ላይ ደምሮ እንደ አንድ ትልቅ ነጥብ ያነባቸዋል። አይፎኑ አራት አራቱን ይደምራል። ተደምሮ የሚወጣው ነጥብ ስፋት ደግሞ በሁለቱም ላይ ወደ 2.4 ማይክሮሜትር ነው። ሁለት ኩባንያዎች በተለያየ መንገድ ሄደው አንድ በር ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ልዩነታቸው ያለው ብርሃኑ ከገባ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው።

እዚህ ጋ ነው የኛ ነገር የሚመጣው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለችም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ይቆማል። አየሩ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ስለታም ነው፣ ጥላውም ጥቁር ነው። ቅንድብ ዓይንን ያጨልማል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላውን ይጥላል። በዚህ ላይ በበዓል ቀን ነጭ ነው የምንለብሰው። ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጋቢ። ከዚያ ነጭ መሐል ጠይም ፊት አለ። ለካሜራ ከዚህ የከበደ የቤት ሥራ አላውቅም።

ለምን እንደሚከብደው ላስረዳ። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ አማካይ አድርጎ መካከለኛ ግራጫ ላይ ማሳረፍ ነው ልማዱ። ፎቶ አንሺዎች 18 በመቶ ግራጫ ይሉታል። ፊቱ የቀረበለት ነገር አብዛኛው ነጭ ሲሆን ካሜራው "ብርሃን በዝቷል" ብሎ ሁሉንም ያጨልመዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ለፊቱ ብላችሁ ብርሃን ስትጨምሩ ደግሞ ነጠላው ይነድዳል። ፈትሉ አይታይም፣ ጥበቡ አይታይም፣ ፊቱ በባዶ ወረቀት የተከበበ ይመስላል። በፊልሙ ዘመን ፎቶ አንሺው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት። ወይም እንደ ድሮዎቹ የስቱዲዮ ባለሙያዎች መብራቱን ራሱ ማስተካከል። ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱ የነበሩት የአርመን ተወላጆቹ የቦያጅያን ቤተሰብ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የሠሩት እንደዚያ ነው። መብራቱ ከየት ይምጣ፣ ፊቱ ወዴት ይዙር የሚለው ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

የዛሬ ስልክ መምረጥ አይፈልግም። አንዴ ስትነኩት ብዙ ፎቶ ያነሳል፤ ጨለም ያለ፣ ፈካ ያለ። ከዚያ ከአንዱ ነጠላውን፣ ከሌላው ፊቱን ወስዶ ያዋህዳቸዋል። ኤችዲአር የሚሉት ይህን ነው። አይፎንና ሳምሰንግ የሚለያዩት በዚህ ውሕደት ጣዕም ነው።

አሁን ወደ አያቴ ልምጣ።

አያቴ የጎጃም ሰው ናቸው። አንገታቸው ላይ ንቅሳት አለ። በልጅነታቸው በመርፌ የተነቀሱት፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፣ አንገታቸውን እየዞረ ደርብ በደርብ የሚወርድ መስመር። በመስመሮቹ መሐል ትንንሽ መስቀሎች አሉ። አገጫቸው ላይም አንድ አለ። ዕድሜ ሲጨምር ቀለሙ ደብዝዟል፣ ቆዳውም ስለተሸበሸበ መስመሮቹ እንደ ድሮው ቀጥ አላሉም። በቅርብ ካላየኸው እንዳለም አይታወቅም። ለሳቸው ግን ጌጣቸው ነው። የነቀሰቻቸውን ሴትዮ ስም ሳይቀር ያስታውሳሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ ስልክ ነበረኝ። የማን ሥራ እንደሆነ ስሙ ይቆየን። ለፋሲካ ቡና ሲፈላ አነሳኋቸውና ስክሪኑን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ አዩት። ከዚያ "አንቺ ልጅ፣ ንቅሳቴንስ ምን በላው?" አሉኝ። እውነትም የለም። አንገታቸው እንደ ወጣት አንገት ልስልስ ብሏል። ግንባራቸው ላይ ያለው መስመርም ጠፍቷል። እኔ የነካሁት ነገር አልነበረም። ስልኩ በራሱ ነው ያደረገው።

ያን ቀን ነው ስለ ካሜራ ማንበብ የጀመርኩት። የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ብርሃን ሲያንስ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) የያዘው ምስል ላይ እንደ አሸዋ የተረጨ ነጠብጣብ ይመጣል። ኖይዝ ይባላል። ሶፍትዌሩ ያንን ማጽዳት አለበት። ችግሩ ግን ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ልዩነትን ነው። ደማቅና ትልቅ ልዩነት ካየ "ይህ ዕቃ ነው" ብሎ ይተወዋል። የሲኒው ጠርዝ፣ የጀበናው አንገት፣ የጥበቡ ቀይ አይነካም። ትንሽና ደብዛዛ ልዩነት ካየ ግን "ይህ ቆሻሻ ነው" ብሎ ይጠርገዋል። ጠይም ቆዳ ላይ ያለ የደበዘዘ አረንጓዴ መስመር ደግሞ ከዚያ ወገን ነው። ከዚያ በላይ ብዙ ስልኮች ፊት ሲያዩ ማሳመሪያውን በራሳቸው ያበሩታል። ብጉር ለማጥፋት የተሠራ ነገር የአያቴን ንቅሳት ከብጉር አይለየውም።

ስለዚህ እኔ ስልክ የምፈትንበት ነገር ይህ ሆነ። የአያቴ አንገት። ነጠላው ተከናንቦ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ እየገባ፣ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ በመሐል እያለፈ።

ሁለቱ ስልኮች እንዴት ሆኑ? አይፎኑ ንቅሳቱን አስቀረው። መስመሩ ከነድብዛዜው አለ፣ ቀለሙም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። ፊታቸው ላይ ያለው ቡናማም የሳቸው ቡናማ ነው፤ አልነጣም፣ ወደ ግራጫም አልሄደም። አፕል ከ2021 ጀምሮ ፊቶችን በተናጠል እያየ እስከ አራት ሰው ድረስ ለየብቻ ብርሃንና የቆዳ ቀለም ያስተካክላል። ይህ ማስታወቂያ ላይ ሲነበብ ቀላል ነገር ይመስላል። እኛ ቤት ግን እናቴ ቀይ ዳማ ናት፣ አያቴ ጠይም ናቸው፣ አጎቴ ጥቁር ነው። ሦስቱን አንድ ሶፋ ላይ አስቀምጦ ሦስቱንም እንደሆኑ ማውጣት ቀልድ አይደለም። አንድ ብርሃን ለሦስቱ ሲመደብ ወይ እናቴ ትነጣለች ወይ አጎቴ ይጨልማል።

የማልወድለት ነገርም አለው። ጥላን ማንሳት ያበዛል። ከበሩ የሚመጣው ብርሃን አንዱን ጉንጭ አብርቶ ሌላውን ሲያጨልመው ነው ፊት ቅርጽ የሚኖረው። አይፎኑ ጨለማውን ጉንጭ ያነሳውና ሁለቱን ያቀራርባቸዋል። ፊቱ በትክክለኛ ቀለም ግን ጠፍጠፍ ብሎ ይወጣል። መድኃኒቱ ስልኩ ውስጥ አለ። የፎቶ ስታይል ከሚለው ውስጥ ሪች ኮንትራስት የሚለውን መርጣችሁ ተዉት። ጥላው ይመለሳል።

ሳምሰንጉ ሌላ ባሕርይ አለው። ያደምቃል። የጥበቡ ቀይ ቀይ ሆነ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆነ፣ ቄጠማው ገና አሁን የታጨደ መሰለ። ፊታቸውንም ፈካ አደረገው። ንቅሳቱ ግን አለ፤ ማሳመሪያው ሁሉ ጠፍቶ፣ ከበሩ በሚገባው ብርሃን ስልኩን ወደ 50 ሜጋፒክስል ቀይሬ ሳነሳው ደግሞ የነጠላው ፈትል አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። በዝርዝር ረገድ፣ ብርሃን እስካለ ድረስ፣ ሳምሰንጉ ይበልጣል። በግልጽ ይበልጣል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አያቴን "የቱን ወደዱት?" አልኳቸው። የሳምሰንጉን መረጡ። "ልብሱ አማረ" አሉ። ወንድሜ ያን ቀን ሲፎክር ዋለ። እኔ ግን የማስቀምጠው የአይፎኑን ነው። እሳቸው ዛሬ እንዲያምሩ ይፈልጋሉ፣ መብታቸው ነው። እኔ የምፈልገው የዛሬ ሃያ ዓመት ልጆቼ ሲያዩት የቆዳቸውን መልክ በትክክል እንዲያውቁት ነው።

ይህ የቆዳ ቀለም ነገር የስልክ ብቻ ታሪክ አይደለም። በፊልሙ ዘመን የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለም ሲያስተካክሉ የሚያመሳክሩበት ካርድ ነበር። ሸርሊ ካርድ ይባል ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የሷ ቆዳ ደህና ከወጣ ሥራው ትክክል ነው ይባላል። ጥቁር ሰው አጠገቧ ሲቆም ጥርሱና ዓይኑ ብቻ ይቀራል። ወላጆች በትምህርት ቤት ፎቶ ላይ ያማርሩ ነበር። ፊልሙ ቡናማን በደንብ እንዲይዝ ካስገደዱት መካከል ግን የዕንጨት ዕቃና የቸኮላት አምራቾች ይገኙበታል። ጥቁሩን ቸኮላት ከነጩ፣ አንዱን ዕንጨት ከሌላው መለየት አልቻልንም ብለው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። በርካታ ቆዳዎችን ያካተተው ካርድ በ1990ዎቹ ነው የመጣው። እኛ ቤት ባሉት የድሮ የቀለም ፎቶዎች ላይ አጎቴ ለምን ሁሌ ጥላ መስሎ እንደሚወጣ የገባኝ ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ዲጂታሉ ሲመጣ ችግሩ ቅርጹን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። አሁን ካርዱ ሶፍትዌር ነው፣ ሶፍትዌሩም የሚማረው ከፎቶ ነው። ያየው ፎቶ አብዛኛው የነጭ ፊት ከሆነ ጥቁር ፊት ላይ ይደናበራል። ይህን በ2018 በቁጥር ያሳዩት ጆይ ቡላምዊኒ እና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ናቸው። ከፊት ላይ ጾታን የሚለዩ ሦስት የንግድ ሶፍትዌሮችን ፈተኑ። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ከፍተኛው ስህተት 0.8 በመቶ ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። የተፈተነው የስልክ ካሜራ አልነበረም። ግን የዛሬ ስልክም ብርሃን ከመለካቱ በፊት መጀመሪያ "ፊት የት አለ?" ብሎ ነው የሚጠይቀው። ፊቱን ካላገኘው ለነጠላው ይለካል።

በ2021 ጉግል ከፒክስል 6 ጋር ሪል ቶን ያለውን አመጣ። ጥቁርና ጠይም ፊቶችን በትክክል ለማንሳት ታስቦ የተሠራ ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የሃርቫርዱ የሶሺዮሎጂ ምሁር ኤሊስ መንክ ያዘጋጀውን አሥር እርከን ያለው የቆዳ ቀለም መለኪያ ይፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ስለ ቆዳ ቀለም ማውራት ጀመሩ። እዚሁ አገራችን ስልክ የሚገጣጥመው ቴክኖም ብዙ አፍሪካዊ ገበያ ውስጥ የገባበት አንዱ ምክንያት ካሜራውን ለጠቆረ ቆዳ ማስተካከሉ ነው። ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ፎቶ የሚነሳው በአይፎን ወይም በአልትራ አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ ምርቃት ፎቶ በሙሉ በቴክኖ ነው የተነሳው፣ ፊቷም ደህና ወጥቷል።

ስለ ሳምሰንግ ከተነሳ የጨረቃዋን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። በማርች 2023 አንድ ተጠቃሚ የጨረቃ ፎቶ ወስዶ ሆን ብሎ አደበዘዘው። ኮምፒውተር ስክሪን ላይ አደረገና መብራት አጥፍቶ ከሩቅ በኤስ23 አልትራ አነሳው። ስልኩ ጉድጓዶችና ጠባሳዎች ያሏት ጥርት ያለች ጨረቃ አወጣ። ፎቶው ላይ ያልነበረ ዝርዝር ማለት ነው። ኩባንያውም አስረዳ። ሶፍትዌሩ ጨረቃን ይለያል፣ ከለያት በኋላ ዝርዝሯን ያጎላል፣ ያልፈለገ ሰው ሲን ኦፕቲማይዘር የሚለውን ማጥፋት ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ተናደደ። እኔ ጨረቃዋ ላይ ብዙም አልተከፋሁም። ጨረቃ ለሁላችንም ሁሌ የምታሳየን አንድ ፊቷን ነው። ስልኩ ቢገምታትም ያው እሷው ናት። የሚያሳስበኝ ይኸው ልማድ ወደ ሰው ፊት ሲመጣ ነው። የአያቴ አንገት አንድ ነው፣ ንቅሳቱም አንድ ነው፣ ከሌላ ሰው አንገት ተምሮ ሊሞላው የሚችል ሶፍትዌር የለም። ይህን ደግሞ ለሁለቱም ኩባንያዎች እላለሁ። የአይፎኑም ፎቶ ቢሆን በሶፍትዌር ተቀምሞ ነው የሚወጣው።

ሳምሰንጉን ከልቤ የምቀናበት በጥምቀት ነው። የሱ ዙም እውነተኛ የ10 እጥፍ ሌንስ ነው። የአይፎኑ 3 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቆርጦ ማስፋት ነው። ጃንሜዳ ላይ ታቦት ሲያልፍ ሕዝቡን ገፍቶ ወደፊት መሄድ አይቻልም፣ አይገባምም። ካህኑ ድባብ ሥር ናቸው። ከላይ ወርቀ ዘቦው በፀሐይ ይነድዳል፣ ከሥሩ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው። ወንድሜ በቆመበት ሆኖ፣ ማንንም ሳይረብሽ፣ የካህኑን ዓይንና የድባቡን ዘርፍ በአንድ ላይ አወጣቸው። እኔ ከሱ ጎን ቆሜ ያገኘሁት የብዙ ሰው ማጅራት ነው። ጎንደር ሄዶ የፋሲለደስን መዋኛ ከዳር ሆኖ ለማንሳት ለሚፈልግ ሰው ያለጥርጥር ሳምሰንጉን ነው የምመክረው።

ልጆች ያሉበት ቤት ግን ሌላ ነው። ልጅ አይቆምም። አይፎኑ ስትነኩት ያንኑ ቅጽበት ይይዛል። ሳምሰንጉ ቤት ውስጥ ብርሃን ሲያንስ ጥራት ለማግኘት የካሜራውን መዝጊያ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ማቆየት ይወዳል፤ ልጁ በዚያ መሐል ከዘለለ እጁ ይደበዝዛል። ካሜራ አሲስታንት የሚባል የኩባንያው ተጨማሪ አፕ አለ፤ እሱ ላይ ስልኩ ጣት እንዳረፈበት እንዲያነሳ ማድረግ ይቻላል። ይረዳል። ያም ሆኖ ለልጅ ፎቶ የምመርጠው አይፎኑን ነው።

ቪዲዮው ላይ ብዙ አልቆይም። ሰዉ የሚለው እውነት ነው፣ አይፎኑ ይሻላል። በተለይ ከበሩ ወጥታችሁ ወደ ፀሐይ ስትገቡ ብርሃኑን ሳይንገጫገጭ ነው የሚያሸጋግረው። እስክስታ ሲመታም ትከሻው አይደበዝዝም። ለደመራ ምሽት ደግሞ ሁለቱም አንድ ናቸው። እሳቱ ሲለኮስ ስክሪኑን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች ካላወረዳችሁት ሁለቱም ነበልባሉን ነጭ ያደርጉታል። ካወረዳችሁት በሁለቱም ያምራል፣ በእሳቱ የበሩት ፊቶችም ይመጣሉ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ይህን ሁሉ ተጨንቀን ያነሳነውን ፎቶ በመጨረሻ በቴሌግራም ነው የምንልከው። ቴሌግራም ደግሞ እንደ ፎቶ ሲላክ ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋል። የአያቴን ንቅሳት ሁለቱ ስልኮች አስቀሩት፣ እህቴ ጋ ሜሪላንድ ሲደርስ ግን ጠፍቷል። እንደ ፋይል ላኩት። ካርዳችሁን ትንሽ ይበላል፣ ግን እንዳለ ይደርሳል። የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ይህን ሁሌ እለፈልፋለሁ። አሁን አክስቶቼ ሳይቀሩ በፋይል መላክ ለምደዋል።

አይፎን ያለው ሰው ከፈለገ ፕሮሮው የሚባለውን፣ በኋላ ለማስተካከል የሚመች ጥሬ ፎቶ ማንሻ፣ አብርቶ ሙሉውን 48 ሜጋፒክስል ማንሳት ይችላል፤ አንዱ ፎቶ ግን ወደ 75 ሜጋባይት ይመጣል። ለትልቅ ፍሬም ከሚታተም ፎቶ ውጪ አልመክረውም። ሳምሰንጉ ላይ ኤክስፐርት ሮው የሚባለው አፕ ተመሳሳዩን ሥራ ይሠራል። ካሜራ አሲስታንት ውስጥ ደግሞ ምስል ማለስለሻውን መቀነስና ኤችዲአሩን ማጥፋት የሚቻልበት ቦታ አለ። ወንድሜ ማለስለሻውን ካጠፋ በኋላ የሱና የኔ ፎቶ መቀራረቡን አይቻለሁ። ሁለቱም ላይ የሚሠራው ቀላሉ ዘዴ ግን ይህ ነው። ፊቱን ነክታችሁ ያዙት፣ ብርሃኑን በትንሹ አውርዱት፣ ሰውዬውን ወደ በሩ አዙሩት። ጠይም ፊት ትንሽ ጨለም ሲል ነው መልኩ የሚወጣው። ስልኮች ሁሉ ማብራት ይወዳሉ፣ እናንተ አውርዱት።

አሁን የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ እንዲህ ነው የምለው። ልጆች ካሉህ፣ ቪዲዮ ካበዛህ፣ የቤተሰብ ፊት ማስቀመጥ ከፈለግህ አይፎኑን ውሰድ። በዓልና ጉዞ የምትወድ፣ ከሩቅ የምታነሳ፣ ልብስና ጥበብ የምትሸጥ ከሆነ ሳምሰንጉን ውሰድ። የልብስ ሻጮቹን ነገር ከልቤ ነው የምለው፤ ሽሮ ሜዳ ያሉ ነጋዴዎች ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉትን ቀሚስ ፈትሉን አጉልቶ ለማሳየት ያ ዝርዝር ሥራ ይሠራል። ቀለሙ ከዕቃው በላይ እንዳይደምቅ ብቻ መጠንቀቅ ነው። ደንበኛ ያየው ቀይና የደረሰው ቀይ ሲለያዩ ጠብ ይመጣል።

ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ ባለሱቁ የሚያሳያችሁን ፎቶ አትመኑ። እሱ የሚያሳየው ፀሐይ ላይ የተነሳ አበባ ነው። ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ ነጠላ ወይም ነጭ ወረቀት ያዙ። ጓደኛችሁ ሱቁ በር ላይ፣ ግማሽ ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ ይቁም፣ ነጩን ከአገጩ ሥር ያድርግ። ማሳመሪያውን ሁሉ አጥፉና አንሱት። ከዚያ እስከ መጨረሻው አጉልታችሁ መጀመሪያ ነጩን እዩ፤ ፈትሉ ወይም የወረቀቱ ጠርዝ አለ? ቀጥሎ ፀጉሩ ከግንባሩ የሚገናኝበትን እዩ። ከዚያ አንገቱን። ቆዳው ግራጫ ከሆነ፣ ወይም ከአጠገባችሁ ከቆመው ሰው ይልቅ የለሰለሰ ከሆነ፣ ባለሱቁን ሌላ ስልክ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁት።